በሩ የማያስገባው ሰው

ያለፈውን ሳምንት ጽሑፌን ያላነበባችሁ አትጨነቁ፤ ግማሹ ውሸት ነበር። እውነቱ ይኸውላችሁ። ስሜ ኤውሴቢዮ ነው፤ ሰው ሁሉ ግን ቼቦ ይለኛል። ፍሬዝኖ ውስጥ በር እሰቅላለሁ። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ሳቋርጥ አስተማሪዎቹ ተቃቅፈው አለቀሱ ብዬ ነበር። አላለቀሱም። አንዷማ እስክወጣ ድረስ በሩን ይዛልኛለች። ሚሬያን እወዳታለሁ ያልኩት ግን እውነት ነው፤ እሱን አትሰርዙት።

ሚሬያ የአሠሪዬ የዶን ሴለስቲኖ አሪያጋ ልጅ ናት። ዶን ሴለስቲኖ ቤት ሠርተው የሚያስረክቡ ሰው ናቸው። አሥራ አራት ሠራተኛ አላቸው፤ አሥራ ሦስቱን በስማቸው ይጠራሉ፣ እኔን "አንተ ውሸታም" ይሉኛል። ለልጃቸው ምን ዓይነት ሰው እንዳሰቡ አላውቅም፤ የእኔን ዓይነት እንዳላሰቡ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ ፍቅራችን ሁለት ዓመት ሙሉ በጓሮ በር ሲገባ በጓሮ በር ሲወጣ ኖረ።

ሁለቱን ዓመት ሚሬያ እዚሁ ሰፈራችን ባለው የማኅበረሰብ ኮሌጅ ተማረች። እዚያ ማንም ይገባል፤ እኔም ብሄድ ይቀበሉኝ ነበር። ከዚያ ተዛውሮ አርክቴክት የሚያወጣ ዩኒቨርሲቲ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። እሷ የተመኘችው ባሕሩ ዳርቻ ያለውን ነው፤ ከተራሮቹ ማዶ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ። ለተዛዋሪ አሥራ ሁለት ወንበር አለው፤ አመልካቹ አራት መቶ። (አራት ሺህ ልላችሁ ነበር፤ ተውኩት።) ጥሩ ውጤት ሁሉም አለው። የሚለያቸው የሣሉትንና የሠሩትን አሰባስበው የሚልኩት ሃያ ገጽ ነው። ከአባቷ ጋር የተስማማችው አንድ ጊዜ ብቻ ልትሞክር ነው። ካልሆነ ቢሮ ገብታ ስልክ ታነሳለች፣ የግንባታ ፈቃድ ታመላልሳለች፣ በቃ።

ከሃያው ገጽ ነፍሷን የሰጠችው ለአሥራ አንደኛው ነው። እሱ ላይ ያለው ወይን ለቃሚዎች እሁድ እሁድ ልብሳቸውን የሚያጥቡበት ቤት ነው። መሃሉ ላይ ግቢ አለው፤ ማሽኑ እስኪጨርስ ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያወራል። ሞዴሉን ከስስ ጣውላና ከካርቶን ሠርታ አባቷ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጣው ነበር።

ጥር ላይ፣ መላኪያው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሙጫ ልትገዛ ወጣች። "ሞዴሉን ጠብቅልኝ፣ እንዳትነካው" አለችኝ። እኔን! ዝንጀሮን ሙዝ ጠብቅ እንደማለት ነው።

ከጣውላው ፍርፋሪ አንድ ቁራጭ አንስቼ በምላጭ ትንሽ ሰውዬ ቀረጽኩ። ባርኔጣ ደፋሁለት፤ አፍንጫውን የራሴን አስመሰልኩት። በቀረችው ጠብታ ሙጫ ከቤቱ በር ፊት አቆምኩት። ስትመለስ አይታው ትሥቃለች ብዬ ነው፤ ከሣቀች ሦስት ቀን ሆኗት ነበር። ወዲያው የአባቷ መኪና ድምፅ ሲሰማኝ በጓሮ በኩል ሮጥኩ። እሷ ስትመለስ ፀሐይዋ እየሸሸች ስለነበር ሳታርፍ ካሜራዋን አነሳች። ሦስት መቶ ፎቶ አንስታ፣ መርጣ፣ ደርድራ፣ ልካ፣ ተኛች። ስለ ሰውዬው ምንም አላለችም። እኔም ረሳሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ገጽ አሥራ አንድን በትልቁ አሳትማ ሰጠችኝ። ከጀርባው "በር ምን እንደሆነ ላስተማረኝ ለቼቦ" ብላ ጽፋበታለች። ልቤ ሞቀና ገለበጥኩት።

ሰውዬው በሩ ጥላ ውስጥ ቆሟል። የበሩ የላይኛው ጉበን የሚደርሰው እምብርቱ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞዴሉ የተሠራው የእውነቱ ቤት አንድ ጫማ ርዝመት ሞዴሉ ላይ ሩብ ኢንች እንዲሆን ነው። ያለፈው ሞዴሏ ግን ግማሽ ኢንች ነበር። እጄ የለመደው ያንን ነውና ሰውዬውን በሱ ልክ ቆረጥኩት፤ ሁለት እጥፍ። የበር ቁመት ስድስት ጫማ ከስምንት ኢንች ነው፤ ራሴን ስቼ ብወድቅ እንኳ ስድስት ከስምንት እያልኩ ነው የምነቃው። እኔ፣ በር ሰቃዩ፣ ሰው የማያስገባ በር በስሟ አስልኬባታለሁ። አርክቴክት ልሁን የምትል ልጅ የሰውን ልክ ካላወቀች ሃያውን ገጽ ማን ይጨርስላታል? አሥራ አንድ ላይ ዘግተው ወደሚቀጥለው አመልካች ነው።

አልነገርኳትም። ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። ምሳዬን ይዤ ወጥቼ ይዤው እመለስ ነበር። አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ በመዶሻ መታሁ። ሰዎቹ "ቼቦ፣ ዛሬ ምንም ውሸት የለም እንዴ? አሞሃል?" ይሉኛል። አሞኝ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ዶን ሴለስቲኖ ግማሽ የተሠራ ቤት መሃል ቆመው አጨበጨቡ።

"ስሙ! መጋዙን አጥፉት! ልጄን ጠርተዋታል! ነይና እናነጋግርሽ ብለዋታል፤ ሐሙስ!"

ጣሪያ ላይ የነበረው ኦክታቪዮ ጮኸ፦ "በቃ ጉድ ፈላብን! እሷ ትሥላለች፣ እኛ እናፈርሳለን!"

"አንተማ ሳይሣልም ታፈርሳለህ!" አሉት ዶን ሴለስቲኖ። ሁሉም ሣቀ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ። በሆዴ ግን አንድ ነገር ብቻ ይመላለስ ነበር፦ ለምንድነው የጠሯት? ሁሉን አይጠሩም፤ ግራ ያጋባቸውን ነው የሚጠሩት ብላኛለች ራሷ።

"አንተ ውሸታም፣ እስቲ ና" አሉኝና ወደ ጎን ወሰዱኝ። "ሐሙስ የግንባታ ተቆጣጣሪው ይመጣል፤ መሄድ አልችልም። ጉም ይሆናል እየተባለ ነው። አንተ ትወስዳታለህ።"

"እኔ?"

"ጉም ውስጥ ስትነዳ አይቼሃለሁ። የማትቀልደው መሪ ስትይዝ ብቻ ነው።" ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ውስጡን አዩት፤ መልሰው ደፉት። "ደግሞ ዕውር አይደለሁም። የጓሮውን በር ማጠፊያ ማን ዘይት እንደሚቀባው አውቃለሁ።"

መዶሻዬን ከቀበቶዬ አውጥቼ መልሼ ሰካሁት።

"ካለፈች፣ ሳትንጫጫ ትለቃታለህ። እዚያ ሌላ ሰው ትሆናለች፤ አንተ ደግሞ ያው አንተ ነህ። ገባህ?"

"ገብቶኛል፣ ዶን ሴለስቲኖ። ካላለፈችስ?"

"ካላለፈች በየጠዋቱ ስልክ ስታነሳ አያታለሁ" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ የሰማሁት ቁጣ አልነበረም። እሳቸውም እንደኔ ፈርተዋል። ይሄ ከቁጣቸው ይልቅ አስደነገጠኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጉሙ መንገዱን በልቶታል። የመኪናዬን አፍንጫ አላየውም። ሚሬያ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አንገቷን አውጥታ ነጩን መስመር ትነግረኛለች፦ "ግራ... ትንሽ ግራ... አሁን ልክ ነህ።" ጥቁሩ የሥዕል ቦርሳዋ ከኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮለታል፤ እኔ አልታሰርኩም።

"ቼቦ፣ ፈራሁ። አንድ ውሸት ንገረኝ።"

"የቱን?"

"የጉሙን።"

"እሺ" አልኩ። "የዛሬ ሦስት ዓመት ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ ግድግዳው የት እንዳለቀ አላየሁም። መቃኑን አቆምኩ፣ ሦስት ማጠፊያ መታሁ፣ በሩን ሰቀልኩ። አራት ሰዓት ላይ ጉሙ ሲገፈፍ በሩ አየር ላይ ቀረ። ቤቱ ወዲያ ማዶ ነው! አባትሽ መጡና አዩት። 'ዝጋው እንጂ፣ ብርድ እያስገባህ ነው' አሉኝ።"

ሣቀች። ሳቋ ከጭንቀቷ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሳል ወጣ። ከዚያ ጀርባዋን አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

"አሁን ጠይቀኝ። እነሱ እንደሚጠይቁኝ አድርገህ።"

"እእ... እመቤት አሪያጋ፣ ከሥራሽ የትኛውን ትወጃለሽ?"

"ገጽ አሥራ አንድን" አለች ሳታመነታ። "ምክንያቱም በሩን። ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ወደ ጥላ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው በሩን ነውና፣ በሩ ሰውየውን የሚያውቀው እንዲመስል ነው የፈለግኩት።"

ያኔ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው። በዚያው ቅጽበት ከጉሙ ውስጥ የጭነት መኪና ኋላ ልክ እንደ ግድግዳ ፊታችን ቆመ። ፍሬኑን ረገጥኩ። መኪናችን ተንሸራተተ፣ ጮኸ፣ ከጭነት መኪናው ቀይ መብራት አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሚሬያ ክንዴን ይዛ ነበር። ጥፍሮቿ ገብተዋል። ልነግራት የነበረውም ቃል ወደ ሆዴ ተመለሰ።

ተራራው ላይ ስንወጣ ጉሙ ከታች ቀረ። ፀሐይ ወጥታለች፤ ኮረብታው አረንጓዴ ነው፤ ላሞች እኛን ያያሉ። ሚሬያ "አቁም" አለች፤ ወርዳ አጥሩ ሥር አስመለሳት። ፀጉሯን ያዝኩላት። አፏን ጠርጋ ቀና ስትል ፊቷ ነጭ ነበር፤ ግን ፈገግ አለችልኝ።

"አንተ ባትኖር ዛሬ አልደርስም ነበር" አለች።

ይሄን ባትል ኖሮ እስከ ዛሬም ዝም እል ይሆናል።

ከኪሴ አራት ቦታ የታጠፈውን ገጽ አሥራ አንድ አውጥቼ ሰጠኋት። "ሰውዬውን እዪው" አልኩ።

አየችው። በመጀመሪያ አልገባትም፤ ፈገግታዋ እንዳለ ነበር። ቀጥሎ ጣቷን በሩ ላይ አደረገች። ቀጥሎ ሰውዬው ላይ። ከንፈሯ ሲቆጥር አየሁት።

"ይሄ እዚህ ምን ያደርጋል?"

"እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ሙጫ ልትገዢ የሄድሽ ለታ። እንድትሥቂ ብዬ ነው። በአሮጌው ሞዴል ልክ ነው የቆረጥኩት።"

"ይሄን ልኬዋለሁ?"

"ልከሽዋል።"

"መቼ አወቅህ?"

"ከሰጠሽኝ ቀን ጀምሮ።"

"አሥራ ስድስት ቀን!" ገጹን ወደ ፊቴ ዘረጋችው። "በሩን ያስተማርከኝ አንተ ነህ ቼቦ። ስድስት ከስምንት ብለህ ግድግዳ ላይ ያስለካኸኝ አንተ ነህ። ሌላ ሰው ቢሆን ተሳስቶ ነው እላለሁ።"

"ተሳስቼ ነው።"

ዓይኔን አየችው። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ እንደማታውቀው ሰው ነው ያየችኝ።

"እንዳልሄድ ፈልገህ ነው?"

ለዚህ ጥያቄ መቶ መልስ ነበረኝ። ላሞቹን የሚያሥቅ መልስ ነበረኝ። አባቷን የሚያሳምን መልስም ነበረኝ። ከመቶው ግን እውነት መሆኑን የማውቀው አንድም አልነበረም። ያን እሁድ ምላጩን ስይዝ ሆዴ ውስጥ ምን እንደነበር ማን ያውቃል? እንድትሥቅ ፈልጌ ነበር። እንዳትሄድም በየቀኑ እፈልግ ነበር። እጄ የትኛውን እንደሰማ አላውቅም።

"አላውቅም" አልኳት።

ገጹን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ቀስ ብላ። ደርግማው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እስከ ባሕሩ ድረስ በመስኮት እንጂ በእኔ በኩል አላየችም። አጠገቤ ተቀምጣ እንደዚያ የራቀችኝ ቀን የለም።

የትምህርት ቤቱ ሕንፃ ግድግዳው መስታወት ነው። አርክቴክቶች ግድግዳ አይወዱም መሰለኝ። ኮሪደሩ ላይ ጥቁር ቦርሳ ያቀፉ ልጆች ተደርድረዋል፤ አንዱ እናቱ ክራቫቱን ታስተካክልለታለች። ስሟ ሲጠራ ሚሬያ እኔን ሳታይ ገባች። እኔ ከውጭ ቀረሁ። ሁሉን አያለሁ፣ ምንም አልሰማም።

የሚጠይቋት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንድ ፀጉራቸው የሸበተ ሽማግሌና አንዲት ቀይ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ። ገጾቿ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ሽማግሌው ገጽ አንድ ጋ ቆሙ። ሁለት። አምስት። እጇን እያንቀሳቀሰች ታስረዳለች፤ ደህና ትመስላለች። ስምንት። ዘጠኝ ላይ ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። አሥር።

አሥራ አንድ ጋ ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፤ ጠጋ አሉ፤ በእርሳሳቸው ጫፍ አንድ ቦታ ነኩ። የቱን እንደነኩ ከውጭ ሆኜ አውቄዋለሁ።

ሚሬያ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረችና በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

ልሮጥ አሰብኩ፤ አልዋሻችሁም። እግሬ ግን እምቢ አለ። ሦስቱም ያዩኝ ጀመር። ሚሬያ በጣቷ ጠራችኝ።

በሩን ገፋሁት፤ ወለሉን እየፋቀ ተከፈተ። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ግዙፉ አንተ ነህ?" አሉኝ።

"አዎ፣ እመቤቴ። ስታጠብ ግን እንደ ልብስ እዚህ ድረስ አጥራለሁ።"

ማንም አልሣቀም። መሬቱ ቢውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

"ይሄን ሰውዬ እሱ ነው የሠራው" አለች ሚሬያ። ድምፅዋ ቀጥኗል፤ ግን አልተቋረጠም። "ልኩን ስቷል። እኔም ሳላየው ልኬዋለሁ፤ የላከው ሰው እኔ ስለሆንኩ ስህተቱ የእኔ ነው። ያወቅኩት ዛሬ ጠዋት ነው። ሦስት መቶ ፎቶ አንስቼ እንዴት አላየሁትም እያልኩ መንገዱን ሙሉ ሳስብ መጣሁ።"

"እንዴት አላየሽውም?" አሉ ሽማግሌው።

"ስለለመድኩት ነው።" አሁን እኔን አላየችኝም፤ ወለሉን ነው የምታየው። "ቤት ስሥል ሁልጊዜ በሩ ጋ የሚቆመው እሱ ነው፤ በሐሳቤ። እዚያ ሳየው 'ይሄ ምን ይሠራል' ማለት አልመጣልኝም።"

ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ።

"ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው? ታወጪዋለሽ?" አሉ ሽማግሌው።

"አወጣዋለሁ። ልክ አይደለም።" ልቤ ወረደ። "በሩንም ግን እንዳለ አልተወውም። ቼቦ፣ ቦርሳዬን ትከሻህ ላይ አድርገውና ውጣ።"

"አሁን?"

"አሁን። የልብስ ከረጢት እንደተሸከምክ ሁን።"

ትልቁን ቦርሳ አንስቼ ትከሻዬ ላይ ሰቅዬ፣ ወይን ለቃሚ እሁድ ጠዋት እንደሚሄደው፣ አጎንብሼ ወደ በሩ ሄድኩ። ጓ! የቦርሳው ጫፍ ጉበኑን መታው። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሁሉ ዞሩ። ጎን ሆኜ ሞከርኩ፤ ክርኔ መቃኑን መታ። በስተመጨረሻ እንደ ሸርጣን ወጣሁ።

"ስድስት ከስምንት እጁ ባዶ ለሆነ ሰው ልክ ነው" አለች ሚሬያ። "ወደ ልብስ ማጠቢያ ቤት እጁ ባዶ የሚመጣ ሰው ግን የለም። ያን በር የሣልኩት የትምህርት መጽሐፉ ላይ ላለው እጁ ባዶ ሰውዬ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ ልብሱን በጀርባዋ ተሸክማ ነበር ወደ ማጠቢያ ቤት የምትመጣው፤ ሁልጊዜ በጎን ነበር የምትገባው። ይሄንን ያየሁት ጠዋት፣ ተናድጄ ሥዕሉ ላይ ዓይኔን ሳፈጥ ነው። ከፍ አደርገዋለሁ፤ አሰፋዋለሁም።"

ሽማግሌው አንድ ነገር ጻፉ። የጻፉት "አይሆንም" ይሁን "እሺ" ከፊታቸው የሚነበብ ነገር የለም። እኔ ዝምታ አልችልም። "ላይኛው ማጠፊያ ሁለት ብሎን ጎድሎታል፤ ለዚህ ነው ወለሉን የሚፍቀው" አልኩ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ተናግሬያለሁ" አሉ ሴትዮዋ ለሽማግሌው። ከዚያ ለሚሬያ፦ "አመሰግናለሁ። ሚያዝያ ላይ እናሳውቅሻለን።"

በቃ። ይኸው ነው።

መኪናው ጋ ስንደርስ ሚሬያ ቁልፉን ከእጄ ወሰደች። "መልስ ላይ እኔ ነኝ የምነዳው" አለች።

"ታረቅን?"

"አልታረቅንም።"

"እዚያ ያልሽው ነገር ግን... በሩ ላይ ሁልጊዜ እሱ ነው ያልሽው..."

"እሱ እውነት ነው። ለዚህም ነው የሚያመኝ።" መሪውን ይዛ ቁጭ አለች፤ ሞተሩን አላስነሳችም። "የጠየቅኩህን አልመለስክልኝም ቼቦ። ብትዋሸኝ እንኳ እችለው ነበር፤ ለምጄዋለሁ። አላውቅም ማለትህ ነው ያስፈራኝ።"

"እኔንም" አልኳት።

ስድስት ሳምንት በዚያ ፍርሃት ውስጥ ኖርን። እየተያየን፣ ሳንነካካ። የጓሮው በር ማጠፊያ ዘይት ሳይነካው መጮህ ጀመረ።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን ቀትር ላይ ያኔ ግማሹ ብቻ ተሠርቶ የነበረውን ቤት እየጨረስን ነበር። የፊት ለፊቱን በር ሰቅዬ በእጄ እያወዛወዝኩ ሳየው ሚሬያ መኪናዋን መንገዱ ላይ አቁማ መጣች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

"መጣ" አለች።

"ምን ይላል?"

"አልከፈትኩትም።" ስልኩን ዘረጋችልኝ። "አንተ አንብብልኝ።"

"እኔ? ሚሬያ፣ ከሰው ሁሉ እኔን?"

"አንተን። ጮክ ብለህ።" ፊቷ ያን ቀን አጥሩ ሥር እንደነበረው ነጭ ነው። "የእነሱንም የአንተንም መልስ ባንድ ጊዜ ልሰማ ነው የመጣሁት።"

ገባኝ። ባዲሱ መቃን ተደገፍኩ። ከፈትኩት።

ዓይን ከአፍ ይቀድማል። መስመሩን አየሁት፤ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል በዓለም ላይ ያንን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ምን ያህል ነገር እንደሚገባ አታውቁም። ቢሮው ገባ፤ ስልክ ስታነሳ ገባ፤ በየምሳ ሰዓቱ እኔ በመስኮቱ ሳልፍ ገባ። አንድ ቃል ብቻ መለወጥ ይበቃኝ ነበር፤ ነገ ራሷ እስክታነበው ድረስ አንድ ቀን ሙሉ የእኔ ትሆናለች። እያየችኝ ነው። ስልኩን አይደለም የምታየው፤ ፊቴን ነው።

"ለሚሬያ አሪያጋ" ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም። "ደስ እያለን... በሁለተኛ ዓመት የንድፍ ክፍል ተቀብለንሻል።"

ሦስተኛ ዓመት ነበር ተስፋ ያደረገችው። ትምህርቱ አምስት ዓመት ነውና ሁለተኛ ማለት ገና አራት ዓመት ነው። ሁለታችንም ባንድ ጊዜ አሰላነው። ዓይኗ ሞላ።

"ምንድነው?" አሉ ዶን ሴለስቲኖ ከጣሪያው ላይ። "ምን ሆናችኋል? ሚሬያ! ምን አለ?"

መናገር አልቻለችም። እኔ ቀና አልኩ።

"አልፋለች!" ብዬ ጮህኩ።

መዶሻው ሁሉ ቆመ። ከዚያ ኦክታቪዮ፦ "ዝም በል ውሸታም!" አለ። "ቼቦ፣ በዚህስ አይቀለድም!" አለ ሌላው። "አፈር ብላ!" "በሰው ልጅ ዕድል!" አሥራ ሦስት ሰው ከጣሪያና ከመሰላል ላይ ስድቡን አወረደብኝ። አባቷ ብቻ አልሰደቡኝም። "ኤውሴቢዮ" አሉ፤ በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። "እውነትህን ነው?"

ለአንድ አፍታ ውሸቴን በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ለአንድ አፍታ ብቻ፤ ይሄንንም እውነቴን ነው የምነግራችሁ።

"እውነቴን ነው፣ ዶን ሴለስቲኖ።"

ስልኩን ልመልስላት እጄን ዘረጋሁ። ሚሬያ ስልኩን አልተቀበለችኝም። እጄን ነው የያዘችው።

"ፈራሁ" አልኳት ቀስ ብዬ።

"እኔም" አለች።

አባቷ በመሰላሉ እየወረዱ ነው፤ አንድ ደረጃ፣ ሌላ ደረጃ፣ ጫማቸው ይሰማናል። ባዲሱ በር ሥር ቆመን ጠበቅናቸው፤ ማናችንም የሌላውን እጅ አልለቀቅንም።